የራስ ውስጥ ቦይ ሲደፈን

ቱቦ የተተከለለት ልጅ የዘወትር ክትትል ያስፈልገዋል

ተበላ፣ ሁምቦ ወረዳ፦ የሁምቦ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ተበላ ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። በዙሪያዋ የሚኖረው አርሶ አደር በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ስኳር ድንችና ጤፍ ያመርታል፤ ከፍ ባለው አካባቢ ደግሞ እንሰት የኑሮው ምሰሶ ነው። ወረዳው ስሙ ከሀገር አልፎ የተሰማው ግን በተራራው ነው። ተራቁቶ የነበረው የሁምቦ ተራራ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአርሶ አደሩ ጉልበት ተከልሎና ተጠብቆ 2,728 ሄክታር መሬት እንደገና ደን ለብሷል። ሥራውን የያዙትም በአካባቢው የተቋቋሙ 7 የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው።

የሁምቦ አርሶ አደር ከዚህ ሥራ የተማረው ነገር አለ። ይኸውም የተከለለ ቦታ ጥበቃው ከላላ በአንድ ክረምት ብቻ ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ነው። ይህ ትምህርት በጤናው መስክም ያገለግላል። በተለይም ሐኪሞች ሃይድሮሴፋለስ በሚሉት፣ በጭንቅላት ውስጥ ውሃ በሚከማችበት በሽታ የተያዘ ልጅ ያላቸው ወላጆች ሊያስቡበት ይገባል።

ለዚህ በሽታ በብዛት የሚሰጠው ሕክምና በቀዶ ሕክምና ከቆዳ ሥር ቱቦ መትከል ነው። ቱቦው ሸንት ይባላል። ልጁ ቀዶ ሕክምናውን አልፎ ወደ ቀዬው ሲመለስ ቤተሰቡ «እንኳን ማረህ» ተባብሎ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ቱቦው ሊደፈን፣ ሊበጠስ ወይም ሊመረዝ ይችላል። በዚህን ጊዜ ልጁ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ጊዜውም የሚቆጠረው በሰዓታትና በቀናት ነው። ይህን አስቀድሞ ያወቀና የተዘጋጀ ቤተሰብ ልጁን ያተርፋል። ያላወቀ ቤተሰብ ደግሞ የበሽታውን ምልክት ከሌላ በሽታ ምልክት ጋር ሲያምታታ ጊዜው ያልፍበታል።

ውሃው ከየት ይመጣል?

በጭንቅላት ውስጥ ያለው ውሃ በራሱ በሽታ አይደለም። የማንኛውም ሰው አንጎል በመካከሉ ካሉት ክፍት ጉድጓዶች ውስጥ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ያመነጫል። ፈሳሹ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን ከግጭት ይጠብቃል፤ ከዚያም በቀጭን መተላለፊያ ወርዶ በአንጎል ዙሪያ ከተሰራጨ በኋላ ወደ ደም ይመለሳል። በአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ግማሽ ሊትር ያህል ፈሳሽ ይመነጫል፤ በአንድ ጊዜ በራስና በአከርካሪ ውስጥ የሚገኘው ግን ወደ 150 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ፈሳሹ በየቀኑ ሦስት ጊዜ ያህል ይለዋወጣል ማለት ነው።

መተላለፊያው ከተዘጋ ወይም ፈሳሹ ወደ ደም መመለስ ካልቻለ ምንጩ መፍለቁን አያቆምም። መውጫ ያጣው ፈሳሽ ጉድጓዶቹን እየለጠጠ አንጎልን ይጫናል። የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ገና አልገጠሙምና ጭንቅላቱ ያድጋል፤ እርግብግቢቱም ይወጠራል። አጥንቱ የገጠመ ትልቅ ልጅ ወይም አዋቂ ግን ጭንቅላቱ ሊሰፋ ስለማይችል ግፊቱ በቀጥታ አንጎሉን ይጎዳል።

የበሽታው መነሻ ልዩ ልዩ ነው። አንዳንድ ልጅ መተላለፊያው ጠቦ ይወለዳል። ሌላው በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በያዘው ማጅራት ገትር ወይም የደም መመረዝ ሳቢያ መተላለፊያው ይጠባል። ጀርባው ላይ ክፍተት ኖሮት የተወለደ፣ ማለትም በሕክምና ስሙ ስፓይና ባይፊዳ የሚባለው ችግር ያለበት ሕፃንም ብዙውን ጊዜ የጭንቅላት ውሃ ይከተለዋል።

ቱቦው እንዴት ይሠራል?

የቱቦው አሠራር ውሃ ከተኛበት ማሳ ላይ ትርፉን የሚያወጣ ማፋሰሻ ቦይ ከመቅደድ ጋር ይመሳሰላል። የቱቦው አንድ ጫፍ በራስ ቅል ላይ በተበሳ ትንሽ ቀዳዳ በኩል ፈሳሹ ወዳለበት ጉድጓድ ይገባል። ከጆሮ በስተኋላ ቆዳው ሥር ቫልቭ የሚባል መቆጣጠሪያ አለ፤ ይህም ግፊቱ ሲጨምር እየተከፈተ፣ ሲቀንስ እየተዘጋ ፈሳሹ ወደ ታች ብቻ እንዲሄድ ያደርጋል። ሌላው ጫፍ በአንገትና በደረት ቆዳ ሥር አልፎ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ሆድ ዕቃ የተቀበለውን ፈሳሽ ሰውነት መልሶ ይመጠዋል። ቱቦው ከውጭ አይታይም፤ በእጅ ሲዳሰስ ግን እንደ ቀጭን ገመድ ይታወቃል።

ለምን ይበላሻል?

ማንኛውም የመስኖ ቦይ ደለል ይሞላዋል። የራሱ ቱቦም እንዲሁ በውስጡ በሚያልፈው ነገር ይደፈናል። የአንጎል ውስጥ ሥጋ፣ የደም ርጋፊና በፈሳሹ ውስጥ ያለ ፕሮቲን የላይኛውን ጫፍ ወይም ቫልቩን ሊዘጉት ይችላሉ። ልጁ ቁመቱ ሲጨምር ወደ ሆድ የሚወርደው ቱቦ ሊያጥርና ከቦታው ሊወጣ፣ ከጊዜ ብዛትም ደርቆ ሊበጠስ ይችላል። ከዚህም ሌላ በቀዶ ሕክምናው ወቅት ከቆዳ ላይ የገባ ተሕዋስ ቱቦው ላይ ተጣብቆ ይራባል። እንዲህ ያለው መመረዝ በብዛት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።

ቱቦው የተበላሸበት ቤተሰብ «ሐኪሙ በደንብ አልሠራልንም» ወይም «ርካሽ ዕቃ ነው የተሰጠን» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመና በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚገኙ 344 ልጆችን የተከታተለ ጥናት ሦስት ዓይነት ቫልቮችን አወዳድሮ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ሳይበላሹ የተገኙት ቱቦዎች 61 በመቶ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 47 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በሦስቱ ዓይነቶች መካከልም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በአፍሪካዊቷ ሀገር በኡጋንዳ፣ በምባሌ ከተማ በሚገኘው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ በ195 ልጆች ላይ አድርገውት እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት ደግሞ በሕንድ ሀገር የሚሠራውን ርካሹን የቻብራ ቱቦ ከውዱ ቱቦ ጋር አወዳድሯል። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ርካሹ ከውዱ አላነሰም። እንግዲህ መበላሸቱ በሀብታሙም በድሃውም አገር ያለ የቱቦው ጠባይ መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል።

ይህንኑ ከደረሰባቸው ወላጆች አንዱ ታዋቂው የእንግሊዝ ደራሲ ሮልድ ዳል ነበር። የ4 ወር ሕፃን የነበረው ልጁ ቲዮ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1960 ኒው ዮርክ ውስጥ በታክሲ ተገጭቶ ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ተከማቸ። የተተከለለት ቱቦ በየጊዜው እየተደፈነ ሕፃኑ ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አባትየው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ስታንሊ ዌድ የተባለውን የፈሳሽ ግፊት መሣሪያ ባለሙያና ኬኔት ቲል የተባለውን የአንጎል ቀዶ ሐኪም አገናኝቶ፣ ሦስቱ ተባብረው በቀላሉ የማይደፈን ቫልቭ ሠሩ። ቫልቩ እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ ላይ ውሎ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ጠቅሟል። ይህም ሆኖ እስከ ዛሬ ድረስ ጨርሶ የማይደፈን ቱቦ አልተገኘም።

ዳግም ቀዶ ሕክምናው

ልጁ ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚፈልገው ቦዩ የተዘጋው በየትኛው በኩል እንደሆነ ነው። እርግብግቢቱ ያልገጠመ ሕፃን ከሆነ በዚያ በኩል በአልትራሳውንድ የጉድጓዶቹን ስፋት ማየት ይቻላል። ትልቅ ልጅ በሲቲ ስካን ይታያል። ቱቦው ተበጥሶ እንደሆነ ከራስ እስከ ሆድ የሚነሳ ራጅ ያሳያል። እዚህ ላይ ልጁ ደህና በነበረበት ጊዜ የተነሳው ፊልም ለማነጻጸር እጅግ ይጠቅማልና ቤተሰቡ ፊልሙን በጥንቃቄ አስቀምጦ ይዞ መምጣት አለበት።

በቀዶ ሕክምናው ክፍል የቀድሞው ጠባሳ ይከፈትና ቱቦው ከቫልቩ ይለያል። ከአንጎል በኩል ፈሳሽ የማይወርድ ከሆነ የላይኛው ቱቦ ይለወጣል። ከላይ እየወረደ ወደ ሆድ የማያልፍ ከሆነ ቫልቩ ወይም የታችኛው ቱቦ ይለወጣል። አብዛኛውን ጊዜ መላው መሣሪያ መውጣት አያስፈልገውም፤ የሚለወጠው የተበላሸው ክፍል ነው።

ቱቦው ተመርዞ ከሆነ ግን ሥራው ይረዝማል። መሣሪያው በሙሉ ይወጣል፤ ፈሳሹ ለጊዜው ወደ ውጭ በሚያፈስ ቱቦ ይቀዳል፤ ልጁም በደም ሥሩ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። ፈሳሹ መጽዳቱ በላቦራቶሪ ሲረጋገጥ አዲስ ቱቦ ይተከላል። ይህ ሁሉ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል አስታማሚው ለአንድ ሌሊት ሳይሆን ለሰነበተ ቆይታ ስንቁን መያዝ ይኖርበታል።

ከቱቦ ሌላም መንገድ አለ። በቀጭን የመመልከቻ መሣሪያ ወደ አንጎል ጉድጓድ ተገብቶ ከወለሉ ላይ አዲስ መውጫ ይበሳል። ዶክተር ዋርፍ በምባሌ ይህን ዘዴ ፈሳሽ አመንጪውን ሕዋስ ከመተኮስ ጋር አጣምረው በሰፊው ሠርተውበታል። እዚያው ኡጋንዳ በ100 ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከአንድ ዓመት በኋላ በዚህ ዘዴ የታከሙትና ቱቦ የተተከለላቸው ሕፃናት በአእምሮ ዕድገታቸው የጎላ ልዩነት እንዳልነበራቸው አሳይቷል። ሆኖም ዘዴው ለሁሉም ልጅ አይስማማም፤ የተበሳው መውጫም ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የታከመ ልጅም ክትትል አይቀርለትም።

«ወባ ነው» ብሎ መቆየት

በሁምቦ ቆላማ ቀበሌዎች ወባ የታወቀ ጠላት ነው። ልጅ ሲያተኩሰውና ሲያስመልሰው የወላጅ ሐሳብ ወደ ወባ ቢሄድ አይፈረድበትም። የተደፈነ ወይም የተመረዘ ቱቦ ምልክትም ራስ ምታት፣ ማስመለስና ትኩሳት መሆኑ ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። ቱቦ ያለው ልጅ ደሙ ተመርምሮ ወባ ቢገኝበት መታከሙ የግድ ነው፤ ነገር ግን ምርመራው በዚያ ማብቃት የለበትም። ወባ ካልተገኘበት ደግሞ «በሽታ የለበትም» ተብሎ ወደ ቤት መመለስ የለበትም።

እርግብግቢቱ ባልገጠመ ሕፃን ላይ የሚታዩት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ እርግብግቢቱ ተወጥሮ መነፋት፤ የራስ ቅል ደም ሥሮች መጉላት፤ ጥቁሩ የዓይን ክፍል ወደ ታች ወርዶ ነጩ ከላይ መታየት፤ ጡት አልይዝ ማለት፤ ያለማቋረጥ ማልቀስ ወይም መፍዘዝ። በትልቅ ልጅና በአዋቂ ላይ ደግሞ በተለይ ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የዓይን መንሸዋረር ወይም የእይታ መደብዘዝ፣ የአረማመድ መበላሸትና በትምህርት ወደ ኋላ መቅረት ይታያል። ቱቦው ባለፈበት መስመር ላይ ቆዳው ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካመነጨ መመረዝን ያመለክታል። ልጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ሲጠሩት የማይነቃ ከሆነ አንዲት ሰዓት እንኳ መባከን የለባትም።

በዚህ መካከል ሊወገዱ የሚገባቸው ልማዶች አሉ። ልጁ ስላስመለሰው እንጥሉን ማስቆረጥ፣ ጭንቅላቱን መተኮስ፣ ያበጠውን ቦታ በመርፌ መብሳት ወይም ቫልቩን ደጋግሞ መጫን ጉዳት ያመጣል። የሕፃን አናት ቅቤ መቀባት የቆየ ልማድ ቢሆንም ያልሻረ ቁስል ላይ መቀባት መመረዝን ይጋብዛል። ጸሎት የሚያደርግ ቤተሰብ ጸሎቱን እያደረገ ልጁን ወደ ሐኪም ሊያደርሰው ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

መንገዱን አስቀድሞ ማዘጋጀት

በሀገራችን የአንጎል ቀዶ ሐኪም ለረጅም ዘመን በጣት የሚቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ስፔሻሊስቶችን በሀገር ውስጥ ማሠልጠን ከተጀመረ ወዲህ ግን ሁኔታው እየተሻሻለ መጥቷል። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታሎች የጭንቅላት ውሃ ያለባቸው ልጆች ከሚታከሙባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው። ተበላ ለሶዶ ቅርብ በመሆኗ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ መላክ ካስፈለገ ግን ጉዞው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአስፋልቱ ርቆ በሚገኝ ቀበሌ ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ በክረምት ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው የጭቃ መንገድ ነው።

በመሆኑም ዝግጅቱ ልጁ ደህና ሳለ መጀመር ይኖርበታል። በመጀመሪያ ደረጃ ቤተሰቡ ከሆስፒታል ሲወጣ ቀዶ ሕክምናው የተደረገበትን ቀን፣ የቱቦውን ዓይነት፣ የሆስፒታሉን ስልክና የቀጠሮውን ቀን በወረቀት አጽፎ መያዝ አለበት። ይህ ወረቀት ከፊልሙ ጋር ዝናብ በማይነካው ቦታ ይቀመጥ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ መታወቂያውን በየዓመቱ ማሳደስና ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ያለውን የሪፈር ቅደም ተከተል ማወቅ ይጠቅመዋል። የአምቡላንሱ ስልክም በቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን በጎረቤትም እጅ ይኑር።

በሁለተኛ ደረጃ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድርሻ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው ያሰማራቸው እነዚህ ሠራተኞች በአንድ መለኪያ ሜትር ብቻ ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ። ወሩን ጨርሶ የተወለደ ሕፃን የራስ ዙሪያ ወደ 35 ሴንቲ ሜትር ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በወር 2 ሴንቲ ሜትር፣ በተከታዮቹ 3 ወራት በወር 1 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ በወር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ልኬቱ በየወሩ ከተመዘገበና ከዚህ አልፎ ከተገኘ ወላጅ በዓይኑ ከማስተዋሉ በፊት ችግሩ ይታወቃል። ቱቦ ያላቸው ልጆች ስም በቀበሌው መዝገብ ቢያዝ፣ የትምህርት ቤት መምህራንም ምልክቶቹን ቢያውቁ ሥራው ይቀላል።

በሦስተኛ ደረጃ የሕዝቡ የራሱ መረዳጃ አለ። እድር ለቀብር ብቻ የተቋቋመ እንዳልሆነ በብዙ ቦታ ታይቷል፤ ለድንገተኛ ሕክምና የሚሆን ብድር አስቀድሞ በደንቡ ውስጥ ቢያስገባ አባሉ በጭንቅ ቀን በሬውን በወረደ ዋጋ ከመሸጥ ይድናል። አባትና እናት ልጅ ይዘው ሆስፒታል ሲሰነብቱ በቆሎው በአረም እንዳይዋጥ ጎረቤት በደቦ ቢያርምላቸው፣ ቤት የቀሩትንም ልጆች ቢያበላላቸው፣ ቤተሰቡ ሕክምናውን አቋርጦ ለመመለስ አይገደድም።

ከምንጩ መከላከል

ሁሉንም የጭንቅላት ውሃ መከላከል ባይቻልም፣ ከጀርባ ክፍተት ጋር ተያይዞ የሚመጣውን መቀነስ ይቻላል። የሕፃኑ ህብለ ሰረሰር የሚገጥመው በተጸነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ይህም አብዛኛዋ እናት ማርገዟን ሳታውቅ ማለት ነው። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን በእነዚያ ቀናት በበቂ መጠን ከሌለ ክፍተቱ የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት እንዳረጋገጠው፣ እንዲህ ያለ ሕፃን ቀደም ሲል የወለዱ እናቶች ከመጸነሳቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ የሚደገምበት ዕድል በ72 በመቶ ቀንሷል። ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት በቀን 400 ማይክሮ ግራም እንድትወስድ ይመከራል፤ ከዚህ ቀደም ችግሩ የደረሰባት እናት ደግሞ ከፍ ያለ መጠን ስለሚያስፈልጋት ከመጸነሷ በፊት ሐኪም ታማክር።

በምግብ በኩል ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ቦሎቄ፣ ሌላውም ጥራጥሬና ጎመን የዚህ ቫይታሚን ምንጮች ናቸው። አትክልት ለረጅም ጊዜ ሲቀቀልና ውሃው ሲደፋ ቫይታሚኑ አብሮ ስለሚጠፋ፣ ብዙ ሳያበስሉ መመገቡ ይሻላል። ይሁንና ምግብ ክኒኑን አይተካም። የአዲስ ሕፃን እትብት በንጽሕና መያዝ፣ በጤና ተቋም መውለድና የሕፃን ትኩሳትን ሳይዘገዩ ማሳከም ደግሞ በመመረዝ የሚመጣውን የጭንቅላት ውሃ ለመቀነስ ይረዳል።

ቱቦ የተተከለለት ልጅ በጊዜው ከታከመ ብዙውን ጊዜ ሊማር፣ ሊሠራና ለአካለ መጠን ሊደርስ ይችላል። ከእሱ የሚጠበቀው ቀጠሮውን ማክበር ነው፤ ከቤተሰቡ የሚጠበቀው ምልክቱን ማወቅ ነው፤ ከቀበሌውና ከእድሩ የሚጠበቀው መንገዱን ክፍት አድርጎ መጠበቅ ነው። በሁምቦም ሆነ በሌላ ወረዳ ቱቦ ያለው ልጅ ያላቸው ወላጆች ከዛሬ ጀምረው ወረቀቱን፣ ፊልሙንና የስልክ ቁጥሩን በአንድ ቦታ ያስቀምጡ፤ ለጎረቤታቸውም ያሳዩ።